510 የፈረስ ጉልበት ፒያሳ ላይ ስንት ይሆናል?

የመኪና ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን መልእክቶች ብዙዎቹ ስለ አንድ መኪና ናቸው። ቀጣዩ ቢኤምደብሊው ኤም3፣ የጀርመኑ ኩባንያ ፈጣን አውቶሞቢል። ገና ለሽያጭ አልቀረበም፣ ግን የከተማችን የመኪና ወዳጆች በየካፌው እየተከራከሩበት ነው። ደስ ይለኛል። ስለዚህ የዛሬው አምድ በአብዛኛው የእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን የምናወራው ስለ መኪና ነው። አሁን ወሬያችን ሁሉ አዲሱ ኤም3 ሆኗል። አንዱ ጓደኛዬ «ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት የአውሮፓ ነው፣ አዲስ አበባ ሲገባ ሩቡ ይጠፋል» ይላል። እኔ ደግሞ ተርቦ ስላለው ምንም አይጠፋም ባይ ነኝ። ተከራክረን ተከራክረን በማኪያቶ ተወራርደናል። ማን ነው ትክክል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማኪያቶውን ጓደኛህ ይግዛ። እሱም ግን ዝም ብሎ አልተናገረም፣ አንተም ሙሉ በሙሉ አልረታህም። ረጋ ብለን እንየው።

ሞተር ቤንዚን ብቻ አይበቃውም፣ አየር ይፈልጋል። አየሩ ካነሰው ቤንዚን ብትጨምርለትም ሊያቃጥለው አይችልም። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ከጅቡቲ በኩል የታሸገ ቺፕስ መጥቶልህ ያውቃል? አዲስ አበባ ሲደርስ ከረጢቱ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ታገኘዋለህ። ውስጡ ያለው አየር አልጨመረም፣ ከውጭ የሚጫነው ነው የቀነሰው። ሞተርህም የሚስበው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው።

ስለዚህ ተርቦ (አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከተማ ውስጥ ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ባለ 1 ሊትር ቪትዝ ወረቀት ላይ 70 የፈረስ ጉልበት አላት፣ እዚህ ግን ከ53 ብዙም አትርቅም። አራት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ የምታቃስተው ለዚህ ነው። ሾፌሩም መኪናዋም ጥፋት የለባቸውም።

የጓደኛህ ሒሳብ ለአንዳንዶቹ የድሮ ኤም3ዎች በደንብ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የመጀመሪያው ኤም3 አራት ሲሊንደር ነበረው፣ ጉልበቱም 200 ገደማ። ከዚያ ስድስት ሲሊንደር መጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ባለ 4 ሊትር ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ይዞ 420 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። ሁሉም ያለ ተርቦ። ያ ቪ8 በደቂቃ ከ8,000 ዙር በላይ እየጮኸ ሲሽከረከር የሰማ ሰው አይረሳውም፣ እኔም ከማይረሱት ነኝ። አዲስ አበባ ላይ ግን 420ው ወደ 315 ይወርዳል። መቶ ፈረስ ያህል መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኤም3 ለመጀመሪያ ጊዜ ተርቦ ገባለት። ሁለት ተርቦ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር፣ 431 የፈረስ ጉልበት። ያኔ በዓለም ዙሪያ ብዙ ወዳጆቹ አዘኑ። ድምፁ ታፈነ፣ ነፍሱ ወጣች ተባለ። ሐዘናቸው ይገባኛል፣ ድምፅ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ከእኛ ቦታ ሆነህ ስታየው ለከፍታችን የሚመች የመጀመሪያው ኤም3 እሱ ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ኮምፒቲሽን የተባለው ደግሞ 510 ደረሰ። እናንተ የምትከራከሩበት ቁጥርም ይኸው ይመስለኛል።

ተርቦ ምን ያደርጋል? ተቃጥሎ በማርሚታ በኩል ሊወጣ የነበረው ትኩስ ጋዝ መጀመሪያ እንደ ማራገቢያ ክንፍ ያላት አንዲት ትንሽ ጎማ ያሽከረክራል። እሷ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ትሽከረከራለች። በሌላው ጫፍ አብራት የምትዞረው እህቷ ደግሞ ንጹሕ አየር እየጨመቀች ወደ ሞተሩ ታስገባለች። ሌሊት ሲኖትራክ ጭኖ ዳገት ሲወጣ የምትሰማው ፉጨት እሱ ነው።

አሁን የምወደውን ታሪክ ልንገርህ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ የአውሮፕላን ሞተሮች ከፍ ባሉ ቁጥር ጉልበት ያጡ ነበር፣ ልክ እንደ ቪትዟ። ሳንፎርድ ሞስ የሚባል የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ መፍትሔው ተርቦ ነው አለ። ለማሳየትም እ.ኤ.አ. በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር መኪና ላይ ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ጫፍ ላይ ወጣ። ተራራው 4,300 ሜትር ነው። ሞተሩ ታች ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ጫፉ ላይ ያለ ተርቦ 230 ብቻ ሰጠ። ተርቦ ሲገባለት 356። ከታችኛው እንኳ በለጠ! ተርቦ ለውድድር መኪና ጌጥ ከመሆኑ ከብዙ ዓመት በፊት አየር ለሳሳበት ቦታ መድኃኒት ነበር። እኛ ደግሞ ቤታችንን የሠራነው አየር በሳሳበት ቦታ ላይ ነው።

ታዲያ አንተስ የት ላይ ተሳሳትክ? «ምንም አይጠፋም» ያልከው ላይ። ባሕር ወለል ላይ ያለ ሞተር ውስጡ ሁለት ባር ግፊት ከፈለገ (እዚያ ያለው አየር አንድ ባር ያህል ነው) ተርቦው አየሩን ሁለት እጥፍ መጭመቅ ይበቃዋል። እዚህ ግን መነሻው ዝቅ ያለ ስለሆነ ያንኑ ሁለት ባር ለማግኘት ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ መጭመቅ አለበት። ተርቦው የበለጠ ይሽከረከራል፣ አየሩም የበለጠ ይሞቃል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትን እንደ ወፍራሙ ተሸክሞ አይወስድም፣ ስለዚህ ራዲያተሩም ኢንተርኩለሩም (ተርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ፍሬኑም የሚቀዘቅዙት ዘግይተው ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ያያል፣ ተርቦው አቅም እስካለው ድረስ ይገፋል፣ ከዚያ ግን ራሱን ለመጠበቅ ሰብሰብ ይላል። 510ው ሙሉ 510 ሆኖ አይቀርም፣ ግን ሩቡ አይጠፋም።

ሌላው ነገር ቤንዚን ነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እንዲህ ያሉ ሞተሮች ቢያንስ ኦክቴን (ቤንዚኑ ሲጨመቅ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል ያለው አቅም) 95 ይፈልጋሉ፣ የሚመከርላቸው ደግሞ 98 ነው። እኛ ማደያ ላይ ቤንዚን ቤንዚን ነው፣ መርጠህ የምትቀዳው የለም። ከፍታ ላይ ተርቦ የሌለው ሞተር በአነስተኛ ኦክቴን ይቻላል፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ግፊት ራሱ ቀንሷል። ተርቦ ያለው ግን ግፊቱን መልሶታል፣ ስለዚህ ይህ ምሕረት አይደርሰውም።

ደግሞ ከቁጥሩ በላይ እግርህ የሚያውቀው ልዩነት አለ። ተርቦው እስኪነሳ ድረስ ያለችው ያቺ ትንሽ ጊዜ እዚህ ትረዝማለች። እስኪነሳ ድረስ ሞተሩ እንደማንኛውም ሞተር በሳሳ አየር ነው የሚሠራው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትወጣ መብራት ይይዝሃል፣ መብራቱ ይለቅቅሃል፣ ትረግጣለህ፣ ለአፍታ ምንም የለም፣ ከዚያ ድንገት ወንበሩ ላይ ይለጥፍሃል። ስለዚህ አዲሱ መኪና ይፋ ሲሆን ትልቁን የፈረስ ጉልበት ቁጥር አትመልከት። የመጎተቻ ኃይሉ ከስንት ዙር ጀምሮ ሙሉ እንደሚሆን ተመልከት። የ510ው ኤም3 650 ኒውተን ሜትሩን ከ2,750 ዙር ጀምሮ ይሰጣል። አዲሱ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከጀመረ ለአዲስ አበባ ትልቅ ዜና ነው። ለዚያች ለአፍታ ዝምታ መርሴዲስ ሲ63 ላይ የገባው መፍትሔ ደግሞ ተርቦው ጋዙን ሳይጠብቅ በኤሌክትሪክ እንዲነሳ ማድረግ ነው። ያ መኪና ከቪ8 ወደ አራት ሲሊንደር በመውረዱ ብዙ ሰው ተቀየመው፣ የተርቦው ሐሳብ ግን ለእንደኛ ዓይነት ከተማ የተሠራ ነው የሚመስለው።

አንድ የምሥራች ልጨምርልህ። አየሩ ስለሳሳ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋው ነፋስም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጉልበቱን ያልተወ መኪና የሳሳ አየር ውስጥ ይቀለዋል። የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ወሰኑ 120 ነው፣ እሱን ደግሞ ቪትዟም ትደርስበታለች።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ይህን መኪና ካልገዛሁ ብሎ ብር እያጠራቀመ ነው። ከውጭ እናስመጣልሃለን የሚሉ ሰዎችም አሉ፣ ቀብድ ጠይቀውታል። እውነት ይገባል ወይ? እኔ ጨንቆኛል። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቀብዱን አይክፈል። ይህን ዛሬውኑ ይንገሩት።

በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት የገለጸው ጥር 2016 ላይ ነው። እንዲገባ የተፈቀደው የኤሌክትሪኩ ነው። ገና ለሽያጭ ያልቀረበን የቤንዚን መኪና «እናስገባለን» ብሎ ቀብድ የሚቀበል ደላላ በእጁ የሌለውን ነገር ነው የሚሸጠው። ሊብሬ የሌለው፣ ዋጋው ያልታወቀ፣ እንዲገባ ያልተፈቀደ መኪና።

ባለቤትዎ ግን ሕልሙ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋበትም። ኩባንያው ቀጣዩ ኤም3 በሁለት መልክ እንደሚመጣ ተናግሯል። አንዱ ያው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የቤንዚን ሞተር ነው። ሌላው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ፣ ለአራቱ ጎማዎች አራት ሞተር ያለው። ሁለተኛው ለእኛ አገር በር ክፍት አለው።

የቤንዚን ወዳጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፣ አውቃለሁ። ከላይ ያነሳሁትን ተራራ ግን ያስታውሱት። ፓይክስ ፒክ ላይ በየዓመቱ የዳገት የመኪና ውድድር ይካሄዳል። ሞስ ተርቦውን ከፈተነ ልክ 100 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ሮማን ዱማ በኤሌክትሪክ ፎልክስዋገን ወጥቶ የተራራውን ክብረ ወሰን ሰበረ። 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ። ከ8 ደቂቃ በታች የወጣ ከዚያ በፊት አልነበረም። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ባሕር ወለል ላይም ሆነ እንጦጦ ላይ ጉልበቱ አንድ ነው። በከፍታ ከተማ ለሚኖር ፍጥነት ወዳድ ይህ ቀልድ አይደለም።

ብሩን ያጠራቅም እንግዲህ። እስከዚያ ሁለት ነገር ያጣራ። አንደኛ፣ ቤታችሁ መኪና የሚያስገባ ግቢና ቻርጅ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ መስመር አለው ወይ? ኮንዶሚኒየም ከሆነ ይህ ከመኪናው ዋጋ በላይ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? እንዲህ ያለ መኪና ሶማሌ ተራ ወርደን መለዋወጫ የምንለቅምለት ዓይነት አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮሮላዬ ላይ ተርቦ ላስገባ አስቤያለሁ። የድሮዋ ዲኤክስ ናት። አንድ መካኒክ ይቻላል ብሎኛል። ምን ትላለህ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ይቻላል። ግን አታድርገው።

ሐሳቡን ግን አልንቀውም። ሞተሯ የተሠራው ለባሕር ወለል ግፊት ነው። ስለዚህ ተርቦው እዚህ ያጣነውን ሩብ ብቻ ቢመልስላት ፒስተኑም ቴስታታውም የማያውቁት ጫና አይመጣባቸውም። በወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ ተርቦ ያስገባ ሰው ያጣውን ሩብ ብቻ መልሶ ሲያቆም አላየሁም። ትንሽ ልጨምር ይላል። ከዚያ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላል፣ መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ወራት ትቀመጣለች። ደግሞም ካርቡራተር ላላት መኪና የቤንዚኑን ልክ ከተርቦው ጋር ማስማማት ከባድ ሥራ ነው፣ ልኩ ሲያንስ ፒስተን ይቀልጣል። ፍሬኗም የድሮው ፍሬን ነው።

እኔ አንተን ብሆን ከካርቡራተሩ እጀምራለሁ። ብዙዎቹ ዲኤክሶች ካርቡራተራቸው ለባሕር ወለል እንደተለካ ነው የቀረው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባቸዋል። ካንዴላውን አውጥተህ እየው፣ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ እሱ ነው። ለከፍታችን አስለካው፣ አየር ማጣሪያውን ቀይር፣ የፍሬን ሸራውንና ጎማውን አድስ። ዳገት ላይ ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ፣ ነዳጅም ታተርፋለህ።

በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ሌሊት ሌሊት ከጓደኞችህ ጋር በአስፋልት ላይ እንደምትወዳደሩ ጽፈሃል። ወንድሜ፣ እለምንሃለሁ ተው። የምትሮጡበት አስፋልት ላይ በዚያ ሰዓት ከሥራ ወደ ቤቷ የምትሻገር እናት አለች፣ መንገድ የምትጠርግ ሴት አለች። እነሱ ከእናንተ ጋር አልተወራረዱም።

ጥያቄ፦ ተርቦ ያላት ትንሽ አውቶሞቢል ገዝቻለሁ። ሰፈር ውስጥ «ሞተሯን ቶሎ አታጥፋ» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ እውነት ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ከሜክሲኮ እስከ ሰንጋ ተራ በሰልፍ ውስጥ ስትንፏቀቅ ከዋልክ ተርቦው አልሞቀም፣ ወዲያው አጥፋት። የዓባይን በረሃ ወጥተህ ጎሃ ጽዮን ደርሰህ ከሆነ ወይም እንጦጦን ረግጠህ ከሆነ ግን አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ትዙር። በዚያ ግለት ላይ ድንገት ካጠፋሃት ዘይቱ መዞር ያቆማል፣ ተርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት እዚያው ያርራል፣ ከሰል ይሆናል፣ በኋላ መተላለፊያውን ይደፍነዋል። ጠዋት ደግሞ ቀዝቃዛ ሞተር አትርገጥ፣ ዘይቱ እስኪሞቅ ጠብቅ። ከሁሉም በላይ ዘይት በጊዜው ቀይር፣ ኩባንያው የሚያዘውን ዓይነት። ዘይት ላይ የሚቆጥብ ሰው ተርቦ ይገዛል፣ ተርቦ ደግሞ ውድ ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ስለዚህ አዲስ መኪና ቀንና ሌሊት ነው የሚያወራው፣ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ሆኗል። ትምህርቱን እንዳያጠፋበት ፈራሁ። ምን ላድርግ? (አንድ አባት፣ ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ አባቱ፣ ሥዕሉን አይንቀሉበት። ልጅዎ ፊዚክስ እየተማረ ነው፣ እሱ ግን ገና አላወቀውም። እባክዎን አብረውት ይቀመጡ።

ወጥ ቤት ይውሰዱት። ውሃ ያፍሉና ሙቀቱን ይለኩ። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል ይለዋል፣ እዚህ ግን 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ለምን እንደሆነ ራሱ ይፈልግ። ባቄላ አዲስ አበባ ላይ ለምን ቶሎ እንደማይበስል፣ ቪትዝ ዳገት ላይ ለምን እንደምትደክም፣ ተርቦ ለምን እንደተፈለገ፣ ሁሉም ከዚያች ድስት ይጀምራል።

ከቻሉ በዕረፍት ጊዜው የሚያውቁት ጋራዥ ይውሰዱት። ያረጀ ተርቦ ካላቸው በእጁ ይያዘው፣ ጎማዋን በጣቱ ያሽከርክራት። በሥዕል ያየው ነገር ክብደት እንዳለው ይወቅ።

ብስክሌት ካለው ደግሞ ጎማውን ራሱ ይንፋ። በፍጥነት ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይግፋ፣ ከዚያ የመንፊያውን ጫፍ ይንካ። ይሞቀዋል። እሳት የለ፣ ፀሐይ የለ፣ አየር ብቻ ነው የተጨመቀው። ለምን እንደሞቀ ሲጠይቅዎት ከኤም3ው አፍንጫ ኋላ ስላለው ኢንተርኩለር ያውሩት፣ የቀረውን ምሽት እሱ ነው የሚያወራዎት።